ከተለመደው መንገድ ወጣ ያለና ለራስ ትርጉም ያለው ጉዞ ማቀድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጉዞ ሲታሰብ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ጥያቄ «የት ልሂድ?» የሚል ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ግን የሚነሱት «ለምን እሄዳለሁ?» ከሚለው ነው። ይህ ጥያቄ በቅጡ ሲመለስ ቦታውም፣ ወቅቱም፣ የቆይታው ርዝመትም ተከትለው ይመጣሉ።

«ከተለመደው መንገድ ወጣ ያለ» ሲባል የግድ ሩቅና ሰው ያልደረሰበት ቦታ ማለት ነው?

አይደለም። ሰው ያልረገጠውን ቦታ ማሳደድ ብዙ ጊዜ መንገደኛውን ያደክመዋል እንጂ አያረካውም። ዋናው ነገር ሕዝብ ከሚጎርፍበት መስመር መውጣት ነው፤ ይህ ደግሞ አንዳንዴ የአሥራ አምስት ደቂቃ እርምጃ ብቻ ይጠይቃል። ቬኒስን የሚጎበኘው ሰው በአመዛኙ በቅዱስ ማርቆስ አደባባይና በሪያልቶ ድልድይ መካከል ይተራመሳል። ከዚያው አደባባይ ወደ ምሥራቅ፣ ካስቴሎ ወደሚባለው ሠፈር ዘልቆ የገባ ሰው ግን ልብስ ከመስኮት መስኮት የተሰጣባቸው ጸጥ ያሉ መንገዶች ያገኛል።

ጃፓንም እንደዚሁ ነው። ጎብኚው ቶኪዮን፣ ኪዮቶንና ኦሳካን አይቶ ይመለሳል። የሺኮኩ ደሴት ግን 88 ቤተ መቅደሶችን የሚያገናኝ፣ 1200 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ጥንታዊ የተሳላሚዎች መንገድ አላት። ሙሉውን በእግር ለመጨረስ ስድስት ሳምንትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ሁሉም ሰው ያን ያህል ጊዜ የለውምና አንዱን ክፍል መርጦ የአራት አምስት ቀን መንገድ መሄድም ያው ጉዞ ነው።

ሐሳቡ በልቤ አለ፤ ዕቅዱን ግን ከየት ልጀምር?

ካርታ ከመክፈትዎ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፦ «የምሄደው ይህንን ለማየት ነው»፣ «ይህንን ለመማር ነው»፣ ወይም «ይህንን ሰው ለማሰብ ነው» የሚል። ዓረፍተ ነገሩ በጠበበ ቁጥር ዕቅዱ ይቀላል። «ተፈጥሮ ማየት እፈልጋለሁ» የሚለው ሐሳብ ምንም ነገር አይመርጥልዎትም። «በሕይወቴ አንድ ጊዜ እንኳ መብራት ያልነካውን ሰማይ ማየት እፈልጋለሁ» ካሉ ግን ሥራው ተጀምሯል።

እስቲ ይህንኑ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። መጀመሪያ ጨለማው የተጠበቀ ቦታ ያስፈልጋል። በናሚቢያ የናሚብራንድ የተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራና በኒውዚላንድ የአኦራኪ ማኬንዚ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2012 በዚህ ረገድ ዓለም አቀፍ ዕውቅና አግኝተዋል። ቀጥሎ ወሩ ይመጣል፤ ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ የፍኖተ ሐሊብ (ሚልኪ ዌይ የሚባለው የከዋክብት ጎዳና) እምብርት ከፍ ብሎና ደምቆ የሚታየው ከግንቦት እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ነው። ከዚያ ቀኑ። የጨረቃ ዑደት 29 ቀን ተኩል ገደማ ስለሆነ፣ ሳያጣራ ሄዶ ሙሉ ጨረቃ ላይ የወደቀ ሰው ያን ሁሉ መንገድ አቋርጦ የሚያየው የደበዘዘ ሰማይ ነው። ስለዚህ ጨረቃ የማትታይበትን ሌሊት መሐል አድርገው፣ በፊቱና በኋላው ሁለት ሦስት ቀን ጨምረው ይይዙና የአውሮፕላን ትኬቱን ከዚያ ወደ ኋላ ቆጥረው ይቆርጣሉ። ማረፊያውን ሲይዙም የሚጠይቁት ጥያቄ ይለወጣል፤ ስለ ቁርስና ስለ ዋይፋይ ከመጠየቅ ይልቅ «ሌሊት የግቢው መብራት ይጠፋል ወይ?» ይላሉ። ዓይን ጨለማን እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ አንድ ጊዜ የስልክ ስክሪን ላይ ማፍጠጥ ያንን ሁሉ ጥበቃ ከንቱ ያደርገዋል።

አንድ ዓረፍተ ነገር አገሩን፣ ወሩን፣ ቀኑንና ማረፊያውን እንዴት እንደመረጠ ልብ ይበሉ።

ለእኔ ትርጉም ያለው ነገር ምን እንደሆነ ራሴም አላውቅም። ምን ላድርግ?

ሳይታክቱ የሚያወሩት ነገር ምንድን ነው? ልጅ ሳሉ አትላስ ላይ ጣትዎን አሳርፈው የቀሩበት ቦታ ነበር? በእጅዎ መሥራት የሚወዱት ነገር ካለ፣ እሱን ለትውልዶች ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች የት ናቸው? ሽመና የሚወድ ሰው ለሽመና ቢሄድ፣ ወፍ የሚወድ ሰው ወፎች ለሚሰደዱበት ሰሞን ቢሄድ፣ ከታዋቂ ሐውልት ፊት ፎቶ ከመነሳት የበለጠ ይጠግባል። መልሱ ትንሽ ወይም ለሌላው ሰው ተራ ቢመስል አይፈሩት።

የቤተሰቤን ታሪክ ተከትዬ መሄድ እፈልጋለሁ። እንዴት ልዘጋጅ?

ከሁሉም ጉዞ ይህኛው ልብ ይነካል፤ ሳይዘጋጁ ከሄዱበት ደግሞ ያሳዝናል። መጀመሪያ በሕይወት ያሉትን ያናግሩ። የቤተሰቡን አዛውንቶች ቁጭ አድርገው፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀው ድምፃቸውን ይቅረጹ። ትኬት እስኪቆርጡ አይጠብቁ፤ ቦታው ይጠብቅዎታል፣ አዛውንቶቹ ግን ላይጠብቁ ይችላሉ። ከዚያ ወደ ወረቀት ይሂዱ። የድሮ ፎቶ ጀርባ፣ የደብዳቤ ፖስታ ላይ ያረፈ ማኅተም፣ የጋብቻ ወረቀት፤ የመንደር ስም ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከእነዚህ ነው። ስሙ በየዘመኑ ተለውጦ ወይም በተለያየ ፊደል ተጽፎ ሊሆን ስለሚችል አንድ አጻጻፍ ብቻ ይዘው አይፈልጉ።

በነፃ የሚታዩ ትልልቅ መዛግብትም አሉ። እ.ኤ.አ. ከ1892 እስከ 1954 በኒውዮርክ ኤሊስ ደሴት በኩል 12 ሚሊዮን ያህል ስደተኞች ወደ አሜሪካ ገብተዋል፤ የመርከብ ተሳፋሪዎቹ ዝርዝር በኢንተርኔት በስም ይፈለጋል። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ለብሪታንያና ለኮመንዌልዝ ተሰልፈው የወደቁ 1.7 ሚሊዮን ሰዎችን የሚዘክረው የኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽንም መዝገቡን ክፍት አድርጓል። በስም ሲፈልጉ የመቃብሩን ቦታ፣ አንዳንዴም ረድፉንና ቁጥሩን ሳይቀር ያገኛሉ። ስማቸው ብቻ በመታሰቢያ ግድግዳ ላይ የተቀረጸም ብዙ ናቸው፤ የሚሄዱት ወደ መቃብር ይሁን ወደ ግድግዳ አስቀድሞ ማወቁ ልብን ያዘጋጃል።

መንደሩ ሲደርሱ የመጀመሪያውን ቀን ለጥያቄ አያውሉት። ራስዎን ያስተዋውቁ፣ ለምን እንደመጡ በአጭሩ ይናገሩ፣ የያዙትን ፎቶ ያሳዩ። አንዳንድ ቦታ የአያቱን ቤት ሊያይ የመጣ እንግዳ ርስት ሊጠይቅ የመጣ ስለሚመስል፣ ዛሬ በቤቱ የሚኖሩት ሰዎች ቢደነግጡ አይፍረዱባቸው። «ልየው ብዬ ነው እንጂ ምንም አልፈልግም» ብሎ አስቀድሞ መናገር ብዙ በር ይከፍታል። የፎቶዎቹን ተጨማሪ ቅጂ አሳትመው ይዘው ይሂዱ፤ አንዱን እዚያ ላሉት ይተዉላቸው።

ስለማይታወቅ ቦታ አስተማማኝ መረጃ ከየት ይገኛል?

የፍለጋ ውጤቶች የመጀመሪያ ገጽ እርስ በርሱ የተገለባበጠ ነው። የቦታውን ስም በራሱ ቋንቋና ፊደል ጽፈው ይፈልጉና በትርጉም አፕ ያንብቡት፤ የአካባቢው ጋዜጣ፣ የማዘጋጃ ቤት ማስታወቂያ፣ የአገሬው ሰው የጻፈው ምክር ወዲያው ብቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረውና በጎ ፈቃደኞች የሚሞሉት ኦፕንስትሪትማፕ ሌሎች ካርታዎች ያላሰፈሯቸውን የእግር መንገዶችና ምንጮች በብዙ ቦታ ያሳያል። የሳተላይት ምስል ደግሞ መንገዱ አስፋልት ይሁን ጥርጊያ፣ ወንዙ ድልድይ ይኑረው አይኑረው ይነግርዎታል።

ከዚያ ስልክ ይደውሉ። ማረፊያ ያለው ሰው የሚያውቀውን ያህል የሚያውቅ የለም። ጥያቄው ግን ዝርዝር ይሁን። «ትራንስፖርት አለ?» ቢሉ መልሱ «አለ» ይሆናል። «የመጨረሻው መኪና ስንት ሰዓት ይወጣል? ከየት ነው የሚነሳው? በየቀኑ ነው ወይስ በገበያ ቀን ብቻ? ዝናብ ሲዘንብስ?» ብለው ይጠይቁ። በብዙ ትንንሽ ቦታዎች መኪና የሚመጣው ገበያ ባለበት ቀን ነው፤ ይህን ያላወቀ መንገደኛ ሦስት ቀን ቆሞ ይቀራል።

ስንት ቀንና ስንት ቦታ ላቅድ?

የጻፉትን የቦታ ዝርዝር በግማሽ ይቀንሱት። ይህን የምለው ሳላመነታ ነው። ከቦታ ወደ ቦታ የሚሻገሩበት ቀን፣ ሻንጣ መሸከፉና ማረፊያ መፈለጉ ሲታሰብ፣ ያለቀ ቀን ነው። አንድ መንደር ውስጥ አምስት ሌሊት ያደረ ሰው በሦስተኛው ቀን በስሙ ይጠራል፤ በአራተኛው ቀን አንድ ሰው «ነገ የምንሄድበት ቦታ አለ፣ ና» ይለዋል። ይህ ግብዣ በየትኛውም ዕቅድ ላይ አይጻፍም፤ ሊጻፍ የሚችለው ግብዣው የሚገባበት ባዶ ቀን ነው። ስለዚህ ከአራት ቀን አንዱን ሆን ብለው ባዶ ይተዉት።

ለመመለሻውም ትርፍ ቀን ያስፈልጋል። በደቡብ አትላንቲክ ያለችው ትሪስታን ዳ ኩና የአውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ ከኬፕታውን በመርከብ አንድ ሳምንት ገደማ ይወስዳል፣ መርከቦቹ በዓመት ጥቂት ናቸው፣ ለመሄድም የደሴቲቱን ምክር ቤት ፈቃድ ማግኘት ግድ ነው። ባሕሩ ከተናወጠ ደርሰውም መውረድ ላይችሉ ይችላሉ። የእርስዎ ጉዞ ይህን ያህል ባይርቅም ሕጉ ያው ነው፤ ከሩቅ ቦታ በተመለሱበት ዕለት ዓለም አቀፍ በረራ አይያዙ። ቢያንስ አንድ ሌሊት፣ ጭጋግና ማዕበል በሚበዛበት ደግሞ ሁለት ሌሊት በመካከል ያስገቡ።

የትኛው ወቅት ይሻላል?

ብዙ ሰው ከሚሄድበት ወቅት ጥቂት ሳምንት ቀድሞ ወይም ዘግይቶ መሄድ በአብዛኛው ያዋጣል። ይሁንና ለሰፊ አካባቢ የተነገረውን የወቅት ምክር እንዳለ አይቀበሉት። ከሰኔ እስከ መስከረም የደቡብ እስያ የዝናብ ወቅት ነው ተብሎ ሰው ይሸሻል፤ የሕንዷ ላዳክ ግን የሂማላያ ተራሮች ዝናቡን ስለሚያስቀሩላት መንገዶቿ የሚከፈቱትና የጉዞ ወቅቷ የሚሆነው በዚያው ጊዜ ነው። የሚሄዱበትን ሸለቆ የአየር ጠባይ ለይተው ይመልከቱ፤ ማረፊያና መሻገሪያ የሚዘጋበትን ወርም ይጠይቁ።

ኔትወርክ በሌለበት ቦታ ደህንነቴን እንዴት ልጠብቅ?

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚባለው ለዚህ ነው። ከሁሉም የሚቀድመው መሣሪያ ሳይሆን ሰው ነው። አንድ የሚያምኑት ሰው ዘንድ አንድ ገጽ ወረቀት ይተዉ፦ በየትኛው መንገድ እንደሚሄዱ፣ የት የት እንደሚያድሩ፣ የለበሱት ጃኬት ቀለም፣ የጤና ችግር ካለብዎ እሱ፣ እና «እስከዚህ ቀንና ሰዓት ካልደወልኩ ለዚህ ቁጥር ደውል» የሚል ግልጽ መስመር። ይህ የመጨረሻው መስመር ከሌለ ወረቀቱ አይሠራም፤ ቤት ያለው ሰው «ኔትወርክ አጥቶ ይሆናል» እያለ ቀኑን ይገፋዋል።

ካርታውን ከመነሳትዎ በፊት ስልክዎ ላይ ያውርዱ፤ ጂፒኤስ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። በሳተላይት መልእክት የሚልኩ ትንንሽ መሣሪያዎች አሉ፤ ከአይፎን 14 ወዲህ ያሉ አይፎኖችም በተወሰኑ አገሮች ኔትወርክ በሌለበት የአደጋ ጥሪ በሳተላይት መላክ ይችላሉ። ነገር ግን እንደ ሕንድ ባሉ አገሮች የሳተላይት ስልክ ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘት ያስከስሳል፤ ይህን አስቀድመው ያጣሩ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሁሉ የአደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥር 112 ነው።

ከፍታ ላይ የሚሄዱ ከሆነ አይቸኩሉ። ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትር ካለፉ በኋላ የሚያድሩበት ቦታ ካለፈው ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ከፍ እንዳይል፣ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ ቀን እንዲያርፉ ይመከራል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረ ወደ ላይ መቀጠል የለም፤ ከባሰ ወዲያውኑ መውረድ ነው። በዚህ ጉዳይ ጉብዝና አይሠራም፣ የከፍታ ሕመም ጠንካራ ወጣቶችንም ይጥላል። ውኃ ሲያፈሉ ከተንተከተከ በኋላ አንድ ደቂቃ፣ ከ2000 ሜትር በላይ ሲሆኑ ሦስት ደቂቃ ያቆዩት።

ሰነድ፣ ክትባትና ኢንሹራንስስ?

ብዙ አገሮች ፓስፖርት ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግልበት ጊዜ እንዲቀረው ይጠይቃሉ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ደግሞ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ኢንሹራንሱን ሲገዙ ከሩቅ ቦታ በሄሊኮፕተር ማውጣትን ይሸፍን እንደሆነ፣ የከፍታ ወሰን እንዳለበትም ያንብቡ። ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚላከው ሻንጣ አይገባም፤ ከ100 ዋት ሰዓት በላይ ከሆነ አየር መንገዱን ያስፈቅዱ። ባንክ በሌለበት ካርድ አይሠራምና ጥሬ ገንዘብ በሁለት ቦታ ከፍለው ይያዙ።

አስጎብኚ መያዝ ጉዞዬን ተራ አያደርገውም?

በተቃራኒው። የቦታው ተወላጅ የሆነ መሪ ሲይዙ መንገድ ብቻ አይደለም የሚያገኙት፤ የት ጫማ እንደሚወለቅ፣ ለማን ቀድሞ ሰላምታ እንደሚሰጥ፣ የትኛው ዛፍ ሥር እንደማይቀመጡ ያውቃሉ። ገንዘብዎም እዚያው ይቀራል። ሲመርጡ ስንት ቦታ እንደሚያሳይዎት ሳይሆን የት እንዳደገና ከእነማን ጋር እንደሚያስተዋውቅዎት ይጠይቁት።

መሄድ የሌለብኝ ቦታ አለ?

አለ፤ ይህን ጥያቄ የሚያነሳ ሰው ቢበዛ ደስ ይለኛል። በሕንድ የአንዳማን ደሴቶች ውስጥ ያለችው የሰሜን ሴንቲኔል ደሴት ነዋሪዎች ከውጭ ሰው ጋር መገናኘት እንደማይፈልጉ ደጋግመው አሳይተዋል፤ ተራ ጉንፋን እንኳ ሊፈጃቸው ይችላል። የሕንድ ሕግም መቅረብን ከልክሏል። በአውስትራሊያ የኡሉሩ ዓለት የቦታው ነባር ባለቤት ለሆነው ለአናንጉ ሕዝብ የተቀደሰ ነው። «እባካችሁ አትውጡበት» የሚል ጽሑፍ ለዓመታት ከሥሩ ቆሞ እያለ ሰው ይወጣበት ነበር፤ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2019 መውጣት በሕግ ተከለከለ። በዙሪያው በእግር መዞር ግን ይቻላል፤ ከባለቤቶቹ ጋር ሆኖ ታሪኩን እየሰሙ መዞር ከላይ ሆኖ ከማየት እጅግ ይበልጣል። የቦታው ሰዎች «አይሆንም» ካሉ፣ በሕግ ባይከለከልም፣ ነገሩ እዚያ ያበቃል።

ከሰው ጋር ልሂድ ወይስ ብቻዬን?

አብሮ የሚሄደው ሰው ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር የራሱን አድርጎ ይጻፈው። ሁለቱ የማይጋጩ ከሆነ አብራችሁ ሂዱ፤ በሁለት በሦስት ቀን አንዴ ግማሽ ቀን ተለያይታችሁ ዋሉ። ከተጋጩ ወዳጅነቱን ለሌላ ጉዞ ማቆየት ይሻላል።

ያን ሁሉ አስቤ ደርሼ ምንም ባይሰማኝስ?

ይህ በብዙ ሰው ላይ ይደርሳል፤ በተለይ ለዓመታት የተመኙት ቦታ ላይ። መንገዱ አድክሞዎት ይሆናል፣ ወይም ያሰቡት ሌላ፣ ያገኙት ሌላ ሆኖ ይሆናል። ያን ቀን ምንም አይወስኑ፣ ካሜራም አያውጡ። በልተው ይተኙ። በማግስቱ በማለዳ፣ ሌላ ጎብኚ ሳይመጣ፣ ያለ ስልክ ተመልሰው ይሂዱና አንድ ሰዓት ይቀመጡ። ማታ ማታ ግማሽ ገጽ ይጻፉ፤ «ቆንጆ ነበር» የሚለውን ትተው ያዩትን፣ የሰሙትን፣ የተባሉትን ያስፍሩ። የጉዞው ትርጉም ከወራት በኋላ የሚገለጥላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ያን ጊዜ የሚያስታውሳቸው ይህ ማስታወሻ ነው።

ያገኘሁትን ቦታ በማኅበራዊ ሚዲያ ላካፍል?

መጀመሪያ እዚያ የሚኖሩትን ይጠይቁ። የታይላንዱ ማያ ቤይ በጀልባና በሰው ብዛት ኮራሉ ስለተጎዳ እ.ኤ.አ. በ2018 ተዘግቶ እስከ ጥር 2022 ሳይከፈት ቆይቷል፤ የተከፈተውም የጎብኚው ቁጥር ተገድቦ ነው። ትንሽ ምንጭ ወይም ዋሻ ከሆነ እንደዚያ የሚጠብቀው አካል ላይኖር ይችላልና ትክክለኛውን ቦታ የሚያሳየውን ምልክት ከፎቶው ላይ ያጥፉት፤ የአካባቢውን ስም መጥቀስ ይበቃል። የልጆችን ፎቶ ወላጆቻቸው ሳይፈቅዱ አይለጥፉ። ለሰው ፎቶ ልልክልህ ብለው ቃል ከገቡ፣ ቤትዎ በገቡ በመጀመሪያው ሳምንት ይላኩለት።

ነዋሪዎቹ እንግዳ የሚፈልጉ ከሆነ ግን ሳይቆጥቡ ይጻፉላቸው፦ መንገዱን፣ ወቅቱን፣ መኪናው የሚነሳበትን ሰዓት፣ እነሱ እንዲከበርላቸው የሚሹትን ነገር ሁሉ። የሄዱበትንም ወርና ዓመት ከላይ ያስፍሩ፤ ከዓመታት በኋላ የሚያነበው ሰው መረጃው የመቼ እንደሆነ አውቆ ደውሎ እንዲያረጋግጥ።